የማይረገጥ ወለል

— እስራኤል፣ ልዳ ድረስ መጥተውማ ይሄን ሳያዩ አይመለሱም፣ እትዬ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ነው።

— እኔ የመጣሁት ለጊዮርጊስ ነው። መቃብሩን ተሳለምኩ፣ ጧፍ አበራሁ። ለእናትህም አንድ አበራሁላት፤ «ጧፍ ምን ያደርግልኛል» ብላ ትቆጣ እንደሁ እንጃ። አሁን ደግሞ ይምጡ ወለል ላሳይዎት ትለኛለህ። ወለል ይረገጣል እንጂ ይታያል?

— ይሄኛው አይረገጥም። ዳር ቆመው ነው የሚያዩት።

— ጉድ እኮ ነው። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያኑን እንኳ ጫማ አውልቀን እንረግጠዋለን።

— ይኸው ደረስን። መጀመሪያ ዝም ብለው ይዩት። እኔም አላወራም።

— አየሁ። ወፍ አለ። ዓሣማ ሞልቷል። መሐሉ ላይ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ በሬም አለ። ያኛው ነብር ነው እንዳልል ሰውነቱ ላይ መስመር አለው።

— ታይገር የሚሉት ነው፣ የእስያው።

— እና ሁሉም ጠጠር ነው?

— ጠጠር ነው። እኔ እኮ አንድ ሳሎን ስልሳ በስልሳ ሴራሚክ አንጥፌ ስነሳ ጉልበቴ አልታዘዝ ይለኛል። እነሱ ጥፍር የማታክል ድንጋይ እየጠረቡ፣ ቀለም እየመረጡ፣ 180 ካሬ ሜትር ያህል ሞሉ። የዚያን ዓሣ ጎን ይዩልኝ። ጀርባው ጠቆር ብሎ ይነሳና ወደ ሆዱ እየፈካ ይወርዳል። ቀቢ ቢሆን በብሩሽ አንዴ ያልፈዋል፤ ድንጋይ ግን አይበጠበጥ፣ አይደባለቅ። ከጨለማው ወደ ብርሃኑ ለመሻገር መሐሉ ላይ የሚገባውን ድንጋይ ፈልጎ ማግኘት ነው ያለው አማራጭ። ይሄን የማንጠፍ ሥራ የማያውቅ ሰው ቆንጆ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን እጄን ነው ያየሁት።

— ሙያውን አልናቅኩም። የት ተገኘ ነው ያልከኝ?

— እዚሁ፣ የቆምንበት ቦታ። በፈረንጅ 1996 መንገድ ሊያሰፉ ሲቆፍሩ አንድ ሜትር ገደማ ወርደው አገኙት። ለጥቂት ቀን ለሕዝብ አሳዩትና መልሰው በአፈር ሸፈኑት። የሚጠበቅበት ገንዘብ እስኪገኝ 13 ዓመት እንደገና ተቀበረ።

— አፈር ነው ያቆየው በለኛ።

— የመጀመሪያም ጊዜ እንደዚሁ ነው። የቤቱ ግድግዳ የጭቃ ጡብ ነበር። ሲፈርስ ከነቀለሙ ወለሉ ላይ ተዘረገፈና ደፈነው። ግድግዳው የድንጋይ ቢሆን ኖሮ ሰው ለሌላ ቤት እየፈነቀለ ይወስደው ነበር፤ ወለሉም አብሮ ያልቅ ነበር።

— ጭቃ ቤት! እኛ የናቅነው ጭቃ ቤት።

— ቀለም የተቀባ ነው እንጂ፣ እትዬ። የሀብታም ጭቃ ነው።

— ስንት ዓመቱ ነው?

— ወደ 1,700። የቆፈሩት ሰዎች በ300 ዓ.ም. አካባቢ ነው የሚሉት፣ በፈረንጁ።

— በ300? እንግዲያው የጊዮርጊስ ዘመን ነዋ!

— የዲዮቅልጥያኖስ ዘመን፣ አዎ።

— ዘመነ ሰማዕታት በለኝ። አየህ፣ አሁን ገባኝ። የጊዮርጊስ እናት አገር ልዳ ነው። ክርስቲያኑ ሲሰየፍና ሲቃጠል ይሄ ሰውዬ እዚህ ጋደም ብሎ፣ ዓሣና ወፍ እያየ ራቱን ይበላ ነበር። አንድ ከተማ፣ አንድ ዘመን። አንተ ከሁለቱ መርጠህ የምታሳየኝ የበላተኛውን ቤት ነው።

— ባለቤቱ ማን እንደነበር የሚናገር ነገር የለበትም። አይሁዳዊ ይሁን፣ ክርስቲያን ይሁን፣ ጣዖት አምላኪ ይሁን አይታወቅም። ያኔ ሮማውያን ከተማዋን ዲዮስፖሊስ ነበር የሚሏት፣ የዜውስ ከተማ ማለት ነው። ግን እነ ረቢ ኤሊዔዘር ወንበር ዘርግተው ያስተማሩባትም ልዳ ናት። ጴጥሮስ ኤንያን ከአልጋው ያስነሳበትም ልዳ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ገበያ ነው የሚወጣው። እና ልብ ብለው ይዩት፤ ወለሉ ላይ አንድም ጣዖት የለም። የሰው መልክ የሚባል ነገር የለበትም።

— ለምንድን ነው የሌለው?

— እኔ ሳስበው እንግዳውን ላለማስከፋት ነው። አይሁዳዊም ቢመጣ፣ ክርስቲያንም ቢመጣ፣ የዜውስም ሰው ቢመጣ ዓሣ ማንንም አያስቀይምም። ጨዋ ወለል ነው።

— ነጋዴ ወለል ነው። ማንንም ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ ነጋዴ ነው፤ ሰማዕትማ ያስቀይማል።

— ነጋዴውን አልተሳሳቱም። እዚያ ጋ ሁለት መርከቦች አሉ፣ አዩአቸው? የጭነት መርከቦች ናቸው። ባለቤቱ በባሕር የሚነግድ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ምናልባትም አውሬ እያስጫነ ይሸጥ የነበረ ይሆናል የሚል ግምት አለ።

— አውሬ ለማን ይሸጣል?

— ለ… ለትርኢት ነው። ሮማውያን አውሬ እርስ በርሱ የሚያባሉበት ሜዳ ነበራቸው።

— አውሬ ብቻ ነው የሚባላው?

— ሰውም ይጣል ነበር። አልዋሽዎትም።

— አግናጥዮስን ምጥው ለአንበሳ የምንለው ለምን ሆነና! ምጥው ማለት የተሰጠ ማለት ነው፣ ለአንበሳ የተሰጠ። እንግዲህ ያቺ በተራራው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው አንበሳ፣ አንተ ጠጉሯን በጠጠር እንዴት እንዳወጡት የምታደንቅላት፣ ምን በልታ ወፈረች?

— እትዬ፣ ሥዕል እኮ ናት።

— ሥዕል ናት። ግን ሰው ራቱን እየበላ የሚያየው ሥዕል ደስ የሚለውን ነገር ነው። እኔ ምግብ ቤቴ ውስጥ ጅብ አላሥልም።

— በዚህስ እንዴት ነው? ቀጭኔዋና አውራሪሱ እኮ ከወደኛ ናቸው። በሮማውያን ሥራ ላይ እነዚህ ሁለቱ እንደልብ አይገኙም። ያን ጊዜ ከአዱሊስ ወደብ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ እየተጫነ ይወጣ ነበር። ሄሊዮዶሮስ የሚባል የግሪክኛ ደራሲ ደግሞ በልብ ወለዱ ውስጥ የአክሱም መልእክተኞችን ለሜሮዌ ንጉሥ ቀጭኔ እጅ መንሻ ያስመጣቸዋል። ሕዝቡ ሁሉ እንስሳዋን አይቶ ሲደነግጥ ነው የሚጽፈው። እነዚህ አንጣፊዎች ቀጭኔ በዓይናቸው ይዩ በወሬ ይስሙ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ከኛ አገር በኩል የሄደ ወሬ ነው።

— እና ልኩራ? የተሸጠ ነገር አያኮራም፣ ልጄ። ቢሆንማ ባሪያ ስንት ተሸጧል።

— እሺ ይሄን ተወት ያድርጉትና እዚህ ይምጡ። በሁለቱ አንበሶች መሐል፣ ውኃው ውስጥ ያለው ምን ይመስልዎታል?

— ደራጎን።

— ኬቶስ ነው የሚባለው፣ የባሕር አውሬ። ግሪኩ መጽሐፍ ዮናስን የዋጠውን ዓሣ አንበሪ የሚጠራበት ቃል ይሄው ነው። ዮናስ መርከብ የተሳፈረው ደግሞ ከኢዮጴ ነው፣ እዚህ አፍንጫችን ሥር።

— ዮናስስ የታለ?

— ሰው የለበትም አልኩዎ።

— አዎ ብለሃል፣ አሁን ነው የገባኝ። ደራጎኑ አለ፣ ጊዮርጊስ የለም። ዓሣ አንበሪው አለ፣ ዮናስ የለም። አንበሳው አለ፣ ዳንኤል የለም። አውሬውን ሁሉ ሰብስቦ አውሬውን የተጋፈጠውን ያስቀረ ቤት ነው። ጨዋ ወለል አልከኝ፤ እኔ ባዶ ወለል እለዋለሁ።

— …

— ምነው ዝም አልክ? ተቀየምከኝ እንዴ?

— አልተቀየምኩም። በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ግን ሰው አለበት፣ እትዬ፤ ከላይ አይደለም፣ ከሥሩ።

— ከሥሩ መቃብር አለ?

— እግር አለ። በ2009 ወለሉን ሊጠግኑ እየቆራረጡ ሲያነሱት ጠጠሩ የተተከለበት ልስን ላይ የሰው ዱካ አገኙ። ገሚሱ ባዶ እግር፣ ገሚሱ ሰንደል። ልስኑን በእግራቸው እየረገጡ ነበር የሚጠቀጥቁት፣ ወይን እንደሚረገጠው። የእግሩ መጠን ራሱ ተለክቷል፤ 34፣ 37፣ 42፣ 44።

— 34 የልጅ እግር ነው።

— ወይም የሴት።

— ሴትስ ብትሆን ትንሽ ናት። እኔ 37 ነኝ።

— ከልስኑ ላይ ደግሞ ሥዕሉ የት እንደሚገባ አስቀድመው የጫሩት መስመር ተገኝቷል። እኛም ሴራሚክ ከማንጠፋችን በፊት ክር ወጥረን በቀለም መስመር እንመታለን፤ ውሃ ልክ እናስቀምጣለን። የኛ መስመር ማታ ላይ ከሥር ይቀራል፣ ማንም አያየውም። የነሱም 1,700 ዓመት ማንም አላየውም። ያን ዱካ በፎቶ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ከአንበሳውም ከቀጭኔዋም ይልቅ እሱ ነው እንባዬን ያመጣው። እርጥብ ላይ ሲረግጡ አለቃቸው የጮኸባቸው ሁሉ ነው የመሰለኝ።

— እስቲ ንገረኝ፣ ልስኑ ከምን ነው?

— ሮማውያን ወለል ሲሠሩ ከታች ድንጋይ ይደለድላሉ፣ ቀጥሎ ኖራ ከጠጠር ጋር፣ ከዚያ ከላይ ኖራ ከተወቀጠ ገል ጋር።

— ገል? የሸክላ ስባሪ?

— አዎ። ሸክላ የተፈጨበት ኖራ እርጥበት ይችላል። አያቴ አገር ቤት ወለቃ ሸክላ ሲሠሩ የሰበሩትን ገል ሁሉ ቢያጠራቅሙ የአንድ ቤተ መንግሥት ወለል ይወጣው ነበር።

— አያትህ አይሰብሩም ነበር። እጃቸው መልካም ነው። አዲስ አበባ ብለው ሲወጡ ለኔ የተዉልኝ ምጣድ ይኸው እስካሁን አለ።

— ያውቃሉ? እናቴ ስለዚያ ምጣድ ስታወራ ሁሌ አንድ ነገር ትላለች።

— ምን ትላለች?

— ይቅር፣ ደግሞ ይቀየሙኛል።

— ተናገር። እዚህ ድረስ ጎትተኸኛል።

— «ምጣዳችንን ይወዱት ነበር፣ እጃችንን ግን ይፈሩት ነበር» ትላለች። ሸክላውን ገዝቶ ቤቱ ያስገባው ሰው ሁሉ ሠሪዋን ቡዳ ናት ይላል። ልጁን ይደብቅባታል።

— እውነት ነው። አልክድህም። እናቴ አያትህ በደጅ ሲያልፉ እኛን ወደ ውስጥ ታስገባ ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው ቡና የጠጣነው። ይሄን ለእናትህም ነግሬያታለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄ።

— ነግራኛለች። ለዚህ ብዬ አይደለም ያነሳሁት።

— እኔ ግን ለዚህ ብዬ ነው የምይዘው። አድምጠኝ፤ ይሄን ወለል ማድነቅ ለምን እንደከበደኝ አሁን አገኘሁት። እኛም እኮ የአያትህን ምጣድ አድንቀናል! «እንዴት ያለ እጅ ነው፣ እንጀራው ዓይን በዓይን ይሆናል፣ አይቃጠል፣ አይጣበቅ» እያልን ስንት ዘመን አመሰገንን። ማድነቃችን ለሳቸው ምን አደረገላቸው? አንድ ቀን ከገበታችን አስቀመጥናቸው? ዕቃውን ያደነቀ ሰው ለሠሪው ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። አንተ ስለ 34 ቁጥሩ እግር አለቀስክ። ያ እግር ቀኑን ሙሉ ረግጦ ማታ ምን እንደበላ ወለሉ ይነግርሃል?

— አይነግረኝም።

— ዱካውስ እንዲታይ የተተወ ነው?

— አይደለም። ጠጠሩ ሊሸፍነው ነው የተሠራው።

— ስለዚህ ውበቱ መሸፈኛ ነው። አንተ የምትወደው ሰውዬ እንዲታይ ወለሉ መነሳት ነበረበት።

— አዎ፣ መነሳት ነበረበት። ግን ወለሉ ባይኖር ዱካውም አይኖርም፣ እትዬ። ጠጠሩ ባይከድነው አንድ ክረምት ዝናብ ይበቃው ነበር። በዚያ ዘመን በልዳ ስንት ሺህ ሰው ተራመደ! ጌታውም እመቤቲቱም በዚህ ላይ ተራምደዋል፤ ዱካቸው የት አለ? የተገኘው የሠራተኞቹ ብቻ ነው። ምጣዱንም ቢሆን… እኔ ስበሩት አልልም። እርስዎ ቤት መኖሩን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። የአያቴ እጅ ያለው እዚያ ነው፣ ሌላ የቀረን ነገር የለም። መቃብራቸው እንኳ እዚህ ነው፣ ስማቸው በሌላ ፊደል ነው የተጻፈው።

— …ምጣዱን ላምጣላችሁ ብዬ ነበር። አውሮፕላን ላይ ይሰበራል አሉኝ።

— ይሰበራል፣ አዎ። ይሄ ወለል ግን ስንት አውሮፕላን ወጥቷል መሰለዎት! ዋናው ክፍል በ2010 ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሄደ፣ ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቺካጎ፣ ፓሪስ ሉቭር፣ በርሊን። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ይሄ ሕንፃ ተሠራለትና በ2022 ለሕዝብ ተከፈተ። ወደ ተገኘበት ቦታ፣ ወደ ገዛ ጉድጓዱ ነው የተመለሰው። ይሄን ሕንፃ ሊሠሩ ሲቆፍሩ ደግሞ የዚያው ቤት ሌላ ወለል ከጎኑ አገኙ።

— ተመለሰ በለኛ።

— ተመለሰ።

— ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ጧፍ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ የተረጎምክልኝ፣ ምን ነበር ያሉኝ? በ1948 የልዳ አረብ ሲባረር ቤተሰባቸው ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። አክስታቸው ግን ወጥታ ቀረች። የቤቷን ቁልፍ እስክትሞት አንገቷ ላይ አስራ ነበር አሉ። ወለሉ እንኳ ተመለሰ፣ ልጄ።

— እኔ ምን ልበልዎት?

— አንተን አይደለም የምከስስ።

— ቢከሱኝም አይገርመኝም። እናቴን በኛ አቆጣጠር በግንቦት 1983 ያመጣት አውሮፕላን ያረፈው እዚሁ ልዳ አጠገብ ነው። ወንበሩ ተነቃቅሎ ሰው መሬት ለመሬት ተቀምጦ ነው የመጣው፤ በ36 ሰዓት ውስጥ 14 ሺህ ሰው። ቤት ሲሰጡን ከኛ በፊት እዚህ ማን እንደኖረ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። የመጣነው ሰው ከሚፈራን አገር ነው፣ የሚተኛበት ያገኘ ሰው ምን ይጠይቃል? አሁን ነው የምጠይቀው። እና አንዱ የጠየቅኩበት ቦታ ይሄ ነው። ልጆቼን አምጥቼ የከተማችሁ ወለል ነው ብዬ ሳሳያቸው ትልቁ ልጄ «ከሮማውያን በኋላስ ማን ኖረበት?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መልስ እየፈለግኩ ነው። ወለሉ ባይኖር ማን ይጠይቀኝ ነበር?

— ልጅህ ይጠይቅህ ነበር። ብልህ ልጅ ወለል አያስፈልገውም።

— ያስፈልገዋል፣ እትዬ። ትምህርት ቤቱም መንገዱም ሕንፃው ሁሉ ትናንት የተሠራ በሆነበት ከተማ፣ አንድ ሜትር ቆፍሮ ሌላ ሰው ሲያገኝ ነው ነገሩ የሚገባው።

— ይሁንልህ። እኔ ግን ያቺን አንበሳ አልወደድኳትም።

— እንግዲያው ሌላ አንበሳ ላሳይዎት። ከከተማው ወጣ ሲሉ ሱልጣን ባይባርስ በ1273 ያሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። ከጽሑፉ ግራና ቀኝ ሁለት አንበሶች ተቀርጸውበታል። መኪና እስካሁን ይሄድበታል፤ የሚረገጥ ነገር ከፈለጉ እሱ ይረገጣል።

— አንበሳ በቃኝ። ማየት የምፈልግ ሌላ ነገር አለ።

— ምንድን ነው?

— አንተ ያነጠፍከውን። ያን ጉልበትህን አልታዘዝ ያሰኘህን ሳሎን። እዚሁ ከተማ አይደለም እንዴ?

— እዚሁ ነው፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ግን እሱማ አይቻልም፣ እትዬ።

— ለምን አይቻልም?

— ሰው ገብቶበታል። ቁልፉን አስረክቤያለሁ።